ትንሿን ካሜራ ፍለጋ

ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

እህቴ ለገና ልትመጣ ነው። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውላ «ምን ላምጣልህ?» ስትለኝ ሳላስብ «ካሜራ» አልኳት። «ያለህስ ምን ሆነ?» አለችኝ። ምንም አልሆነም። ካኖን 600ዲዬ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሞዴል ነው፤ ዛሬም ሲጫኑት ያነሳል። ችግሩ ከቤት አለመውጣቱ ነው። ቦርሳው ታክሲ ውስጥ ቦታ ይፈጃል፣ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ አይያዝም፣ ቡና በሚጠጡ ሰዎች መሀል ሲያወጡት ወሬው ይቋረጣል። ሁሉም ነጠላውን ያስተካክልና ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ከዚያ በፊት የነበረውን ነው።

«ስልክህ አይበቃህም?» አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። በቀን ብርሃን ስልኬ የሚያወጣው ፎቶ ለቴሌግራም በቂ ነው፤ እንዲያውም ይተርፋል። ግን ለእናታችን በየዓመቱ አልበም አሳትማለሁ። በአልበሙ ውስጥ የሚገቡት አብዛኞቹ የማታ ፎቶዎች ናቸው፤ በአንድ አምፖል፣ በጧፍ፣ በከሰል ፍም የተነሱ። በእንዲህ ዓይነት ብርሃን ስልክ የፊትን መስመር ሁሉ አለስልሶ ያጠፋዋል። የእናቴ ፊት ያለ መስመሮቹ የእናቴ አይደለም።

አንድ ነገር ከአሁኑ ላስቀምጥ። ካሜራ የምቀይረው ለሜጋፒክስል አይደለም። የ600ዲ 18 ሜጋፒክስል ማለት 5184 በ3456 ነጥብ ነው፤ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 44 በ29 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአልበሜ ገጽ ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ ሻጩ «ይሄ 40 ሜጋ ነው!» ሲለኝ ጆሮዬን አልሰጥም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። ትልቁን ካሜራ ይዤ ወጣሁ፣ ምኑ እንደሚያስቸግረኝ በደንብ ላየው ብዬ።

ያስቸገረኝ ነጩ ነው። ከፊቴ ያለው ሕዝብ በሙሉ ነጠላና ጋቢ ለብሷል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ የተሠራ ነው። ነጭ ሲበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ይልና ያጨልመዋል፤ ነጠላው አመድ መስሎ፣ ፊቱ ደግሞ ከናካቴው ጠቁሮ ይወጣል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ በእጅ አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም እጥፍ ብርሃን፣ መጨመር። ከመጠን በላይ ሲጨመር ግን የጥለቱ ፈትል ነጭ ውስጥ ይጠፋል፤ አንዴ ከጠፋ በኮምፒውተር አይመለስም። የጠቆረ ፊት ግን ፎቶው በሮው (በጥሬ ፋይል) ከተነሳ በመጠኑ ሊመለስ ይችላል።

በ600ዲ መመልከቻ ቀዳዳ የሚታየው በመስታወት ተንጸባርቆ የሚመጣው የእውነቱ ዓለም ነው። ፎቶው ምን እንደሚመስል የሚታወቀው ከተነሳ በኋላ ነው። መስታወት በሌለው፣ በሚረርለስ ካሜራ፣ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ግን ትንሽ ስክሪን ነው፤ ሊነሳ ያለውን ፎቶ ብርሃኑን ጭምር አስቀድሞ ያሳያል። ነጩ ሊቃጠል ሲል ደግሞ ሰያፍ መስመሮች እየተንቀሳቀሱ ያስጠነቅቃሉ፤ ፎቶ አንሺዎች «ዜብራ» የሚሉት ይህን ነው። ነጭ የለበሰና ጠይም ፊት ያለውን ሰው ዘወትር ለሚያነሳ ከማንኛውም አዲስ ፈጠራ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ማታ የድሮ ፎቶዎቼን በኮምፒውተር ከፍቼ መረጃቸውን አየሁ። እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሚሊ ሜትር፣ በስንት ኤፍ (የሌንስ ክፍተት ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል)፣ በምን ፍጥነት እንደተነሳ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ካሜራ ሊገዛ የተነሳ ሰው ዩቲዩብ ከመክፈቱ በፊት ይህን ቢከፍት እላለሁ።

ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው ርቀት ነው። አልበም ውስጥ የገቡት፣ ማለትም የወደድኳቸው፣ አብዛኞቹ ከ24 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ የተነሱ ናቸው። የምወዳት 50 ሚሊ ሜትር ሌንሴ ፊትን ታሳምራለች፤ ቤት ውስጥ የተነሳባት ፎቶ ግን የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የ600ዲ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ 50ው በ1.6 ተባዝቶ እንደ 80 ሚሊ ሜትር ያያል። በእኛ ሳሎን ሦስት ሰው በ80 ለማንሳት ግድግዳውን አልፎ ጎረቤት ቤት መግባት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። የተበላሹትን ፎቶዎች ለብቻ ሳያቸው አንድ ዓይነት ናቸው፦ ኤፍ 5.6፣ ፍጥነት በሴኮንድ 1/15። ካሜራው ብርሃን አጥቶ መዝጊያውን ረዘም አድርጎ ከፍቶታል፤ በዚያ መሀል ሰው እጁን አንቀሳቅሷል፣ ሕፃን ዘወር ብሏል። የጎደለኝ የምስል ጥራት አይደለም፤ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነው።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ወዳጄ ጋ ሄድኩ። ሰርግ ያነሳል፤ እኛም «ሰርገኛው» እንለዋለን። ቅዳሜና እሑድ ሥራ ላይ ስለሚውል እሱን ማግኘት የሚቻለው ጾም ሲሆን ነው፤ ነቢያት ገብቷልና ሰርግ የለም።

ጠረጴዛው ላይ አሮጌ የካሜራ ቦዲ ፈታ አድርጎ አሳየኝ። በድሮው ካሜራ ሌንሱና ሴንሰሩ መሀል መስታወቱ ወደ ላይ የሚታጠፍበት ቦታ ያስፈልጋል። በካኖን ኢኤፍ ከሌንስ መግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ነው። መስታወቱ ሲወጣ ያ ክፍተት አያስፈልግም፤ በሶኒ መግጠሚያ፣ በኢ-ማውንት፣ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ጂ1ን ሲያወጣ የጀመረው ነገር ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ተከትለውታል።

አራት ምርጫ ዘረዘርን።

ኦኤም-5፦ 414 ግራም፤ ከ17 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንሱ ጋር 534 ግራም ብቻ። ዝናብና አቧራ ይችላል፣ የእጅ መንቀጥቀጥን በቦዲው ውስጥ ያረጋጋል። ሴንሰሩ ግን ከአራቱ ትንሹ ነው። ባትሪው ቢሞትብኝ አዲስ አበባ ውስጥ ከማን እንደምገዛ ሰርገኛውም አያውቅም።

ፉጂፊልም ኤክስ-ኤስ20፦ 491 ግራም፤ ይህም ያረጋጋል። ቀለሙ ከካሜራው እንደወጣ የሚያምር ነው፣ ሌንሶቹም ለሴንሰሩ ልክ የተሠሩና ትናንሽ ናቸው። ሲወጣ ዋጋው ቦዲው ብቻ 1,299 ዶላር ነበር።

ካኖን አር50፦ 375 ግራም፤ ሲወጣ 679 ዶላር። የድሮ ሌንሶቼን በአዳፕተር ይቀበላል። ነገር ግን ካኖን ለእነዚህ ትናንሽ ካሜራዎች የሚሆን፣ ሰፋ አድርጎ የሚያይና ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ርካሽ ሌንስ ብዙ አልሠራም። ለሌንስ ሠሪው ለሲግማ በሩን የከፈተውም እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ሶኒ ኤ6400፦ 403 ግራም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ። ቦዲው አያረጋጋም፤ የሰው ዓይን እየተከተለ ፎከስ ማድረጉን ግን ሰርገኛው በየሰርጉ የሚተማመንበት ነው።

ሚዛኑን ስደምር ግን ሳቅኩ። የእኔ 600ዲ ከ18-55 ሌንሱ ጋር 770 ግራም ነው። ኤ6400 ከሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ጋር 693 ግራም። ለ77 ግራም ልዩነት ነው ይህ ሁሉ? ሰርገኛው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። የ600ዲ ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረት 8፤ የኤ6400 ቁመት 7 የማይሞላ፣ ውፍረት 6። «ኪሎው አይደለም፣ ቅርጹ ነው» አለኝ። አንደኛው የካሜራ ቦርሳ ይፈልጋል፤ ሌላኛው ጃኬት ኪስ ይገባል። ደግሞም ያ ሌንስ ዙም ሲደረግ ከእኔው እጥፍ ክፍተት አለው፤ ክብደቱ በከንቱ አልወጣም።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ቢሮ ውስጥ አንድ ባልደረባዬ «ካወጣህ አይቀር ፉል ፍሬም ግዛ» ብሎ ልቤን ከፈለው። ማታ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት።

ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው፤ አንድ ስቶፕ ሲጨመር ብርሃኑ ሁለት እጥፍ፣ ሁለት ስቶፕ ሲጨመር አራት እጥፍ ይሆናል። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኤ6400ው 23.5 በ15.6። በስፋት 2.4 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ይህም አንድ ስቶፕ ከሩብ አካባቢ ነው። ትንሿ ባለ ፉል ፍሬም የሶኒ ካሜራ፣ ኤ7ሲ፣ ሲወጣ 1,800 ዶላር ገደማ ነበር፤ ኤ6400 ደግሞ 900። ለአንድ ስቶፕ ከሩብ 900 ዶላር ተጨማሪ መሆኑ ነው። የፉል ፍሬሙ ሌንሶች ደግሞ በዋጋም በመጠንም ይበልጣሉ።

አሁን ሌንሱን እንይ። ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 1.4 አራት ስቶፕ ነው፤ ብርሃኑ 16 እጥፍ። ሲግማ 30 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሲወጣ 339 ዶላር ነበር። በ1/15 ሴኮንድ የተበላሸብኝ ፎቶ በዚህ ሌንስ በ1/240 ይነሳ ነበር ማለት ነው። ልጁ ቢሮጥም ይያዛል።

የእጅ ማረጋጊያውስ? ለቆመ ነገር ጥሩ ነው። ግን የሚያረጋጋው የእኔን እጅ እንጂ እስክስታ የሚወርደውን ሰው ትከሻ አይደለም። ሰው ለሚያነሳ ሰው ሰፊ ክፍተት ያለው ሌንስ ከማረጋጊያ ይቀድማል። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ከዝርዝሩ ላይ ሁለት መስመር፣ ኦኤም-5ንና ፉጂን፣ ሰረዝኩ።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ካኖን ወይስ ሶኒ? ለካኖን የሚያደላው ነገር በእጄ ያለው ሌንስ ነው፤ እሱም አንዲት ቤት ውስጥ የማልጠቀምባት 50 እና ኤፍ 5.6 ላይ የሚቆም ኪት ሌንስ። ለእነሱ ሲባል ማውንት መምረጥ አሮጌ ቁልፍ ስላለ ለእሱ በር እንደመሥራት ይሆናል።

ለሶኒ ያደላሁት ስለ ሶኒ ብቻ አስቤ አይደለም፤ ስለ ሰዎቼ ነው። ሰርገኛው ሶኒ ነው። ማስታወቂያ የሚሠራው ጎረቤቴ ሶኒ ነው። ቪዲዮ የሚሠራው የአክስቴ ልጅም እንደዚያው። ለሚካኤል ረጅም ሌንስ ብፈልግ የምለምነው ከእነሱ ነው፤ ባትሪ ቢያልቅብኝ የሚያቀብሉኝ እነሱ ናቸው። የኤ6400 ባትሪ፣ ኤንፒ-ኤፍደብልዩ50፣ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያዎቹን ኢ-ማውንት ካሜራዎች ሲያወጣ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ስለዚህ በየሱቁ አለ፣ በየወዳጁ መሳቢያም አለ። ሶኒ የማውንቱን መረጃ ለሌሎች ሌንስ ሠሪዎች የከፈተውም እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ሲግማና ታምሮን ዛሬ ይህን ያህል ርካሽ ምርጫ ያላቸው ለዚህም ነው።

ውጭ አገር ያለ ሰው ሌንስ ቢያምረው ይከራያል፤ ካልተስማማው ይመልሳል። እኛ ጋ የተገዛ ዕቃ ተገዛ ነው። ስለዚህ እዚህ ማውንት ዕድር ነው፤ የምትገባው ጎረቤትህ ያለበት ውስጥ ነው። ፉጂ ይሻላል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ለብቻው ከሆነ አዎ፣ ይሻል ይሆናል። የሚያውሰው ሰው ከሌለ ግን እያንዳንዷን ሌንስ እራሱ ሊገዛ ነው።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

እህቴን ከማስቸገሬ በፊት እዚሁ ልየው ብዬ ያገለገለ የሚሸጥባቸው ሱቆች ዞርኩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የካሜራ ዋጋም አብሮ ሄዷል። ሻጮቹ ራሳቸው ዋጋ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

አንዱ ጋ በጣም ንጹሕ ኤ6400 አገኘሁ፤ ከሌላው ሱቅ ዋጋው ዝቅ ይላል። ከፍቼ ሜኑውን ሳይ ከላይ እስከ ታች ጃፓንኛ ነው። «እንግሊዝኛ አድርግልኝ» አልኩት። «ይሆናል፣ ትንሽ ነካ ነካ ማድረግ ነው» አለኝ። አይሆንም። ሶኒ ለጃፓን ገበያ የሚያወጣቸው ብዙዎቹ ካሜራዎች ከጃፓንኛ በቀር ቋንቋ የላቸውም፤ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

ያገለገለ ሲገዛ የማያቸውን ነገሮች ሰርገኛው እንደነገረኝ ላስፍር። ሌንሱ እንደተገጠመ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ በኤፍ 16 ማንሳት፤ ሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ይህ በሌላ ሌንስ መደረጉ አይከፋም፤ ነጥቡ ቦታውን ካልቀየረ ሴንሰሩ ላይ ነው። በሌንሱ ውስጥ የስልክ መብራት አሳልፎ ማየት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ሁሉንም ቁልፍ ማዞር፣ ስክሪኑን ማጠፍና መዘርጋት፣ ፍላሽ የሚገባበትን ቦታ መሞከር። ባትሪውን አውጥቶ ማየት፤ ያበጠ ባትሪ ሲገባና ሲወጣ ይይዛል። እና ሻጩ «ቶሎ በል፣ ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ካለ መውጣት።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ውሳኔውን ለእህቴ ነገርኳት፦ ያገለገለ የኤ6400 ቦዲ፣ አዲስ ሲግማ 30 ኤፍ 1.4። ቦዲ በየሁለት ሦስት ዓመቱ አዲስ ስለሚወጣለት ዋጋው ይወርዳል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ቦዲ እየቀያየረ ይኖራል። ስለዚህ አሮጌነቱ በቦዲው ላይ ይሁን።

ኒው ዮርክ ያለውን ቢ ኤንድ ኤች የተባለውን ትልቁን የካሜራ መደብር ነገርኳት፤ ያገለገለ ዕቃንም እንደ ሁኔታው በቁጥር ደረጃ እየሰጠ ይሸጣል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደወለች። «አንተ፣ ድረ ገጹ ትእዛዝ አልቀበልም አለኝ!» ለካ ቅዳሜ ነው። ባለቤቶቹ ሰንበትን የሚያከብሩ አይሁድ ናቸው፤ ከዓርብ ምሽት እስከ ቅዳሜ ምሽት ሱቁም ድረ ገጹም አይሸጥም። «እኛ ሰንበት ላይ ገበያ እንወጣለን፣ እነሱ ኢንተርኔቱን ይዘጋሉ» ብላ ተገረመች። ማታ ስትገባ ሁሉም ነገር ነበር። እሷ ያለችበት ሜሪላንድ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ እንደሚጨምርበት አስታውሳኝ ሒሳቡን አስተካከልን።

አንድ ነገር ደጋግሜ ነገርኳት። ሲግማ 30ን በስምም በመልክም አንድ አድርጎ ለብዙ ማውንት ይሠራዋል፤ ለሶኒ ኢ፣ ለፉጂ፣ ለማይክሮ ፎር ሠርድስ። ሳጥኑ ላይ «ሶኒ ኢ» የሚለውን ሳታይ እንዳትከፍል። «እሺ ጌታዬ» አለች፤ ሲሰለቻት እንደዚያ ነው የምትለው።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ፒያሳ ፎቶ ቤት የሠሩ አንድ አዛውንት ሰፈራችን ይኖራሉ። ቡና ጋበዝኳቸውና ስለ ትንሿ ካሜራ አወራኋቸው። እሳቸው የተማሩበት ዘመን ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ጀምሮ ነገሥታትን ሲያነሱ የኖሩት አርመኖቹ ቦያጂያኖች ስማቸው ገና የሚነሳበት ነበር። ያኔ ካሜራ ትልቅ ሳጥን ነው፤ ትልቅነቱም የክብር ነው።

«ጋሼ፣ ስንት ሌንስ ነበርዎት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ያቺው አብራ የተፈጠረችዋ ነበረች» አሉኝ። ከደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ከላይ ወደ ታች እያዩ የሚያነሱባት፣ ሁለት ዓይን ያላት ካሜራ ነበረቻቸው፤ አንድ ፊልም 12 ፎቶ ብቻ ያነሳል፤ ሌንሱ አይወልቅም፣ ዙምም የለም። «ርቀቱን እግርህ ያውቀዋል። ሰውዬው ከመቀመጡ በፊት የት እንደምትቆም አውቀህ ትቆማለህ።»

እስካሁን በአንድ ሌንስ መጀመሬ ገንዘብ በማጠሩ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ጋ ከተቀመጥኩ በኋላ እንደ ምርጫ ያዝኩት።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

እህቴ ገባች፤ ካሜራውም ገባ። ከመነካቱ በፊት የሚስተካከሉ ነገሮች ነበሩ።

ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ቪዲዮው ኤንቲኤስሲ ላይ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ በሴኮንድ 30 ወይም 60 ፍሬም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በ60 ቢቀረጽ ቪዲዮው ሊብለጨለጭ ይችላል። ወደ ፓል ቀየርኩት፤ 25 እና 50 ሆነ። ፎቶን ግን ይህ ቅንብር አይነካውም።

ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ትራንስፎርመር አላስፈለገም፤ ሶኬቱ ብቻ ጠፍጣፋ ስለሆነ አዳፕተር ገዛሁ። ደስ ያለኝ ባትሪው ካሜራው ውስጥ እንዳለ በማይክሮ ዩኤስቢ መሞላቱ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ከፓወር ባንክ ይሞላል።

ዜብራውን ከፈትኩ፣ የዓይን ፎከሱን አንድ ቁልፍ ላይ አደረግሁ፣ ሮው እና ጄፔግ አብረው እንዲቀመጡ አዘዝኩ። ከዚያ ሳሎን ተቀመጥኩ። 30ው እዚህ እንደ 45 ሚሊ ሜትር ያያል። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ሳስደግፍ እናቴ፣ እህቴና የረከቦቱ ጠረጴዛ አንድ ላይ ገቡ። እናቴ ማንሳቴን አላወቀችም፤ ወሬዋን ቀጠለች።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ፣ ገና

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አደርን። አለቃውን አስፈቅጃለሁ፤ ፍላሽ የለም፣ ከቅኔ ማኅሌቱ ዳር አልርቅም፣ ድምፅ አላሰማም ብዬ።

ድምፅ አልባውን መዝጊያ ከፈትኩት። የጧፉ ብርሃን ብቻ ባለበት ጥግ በጣም ጥሩ ነበር። ወደ መሀል፣ ኤልኢዲ አምፖሎቹ ወዳሉበት ስዞር ግን ፎቶው ላይ ደብዘዝና ደመቅ ያሉ አግድም ጥላዎች ወጡ። ድምፅ አልባው መዝጊያ ሴንሰሩን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች በተራ ነው፤ በዚያ መሀል አምፖሉ ይርገበገባል። ፍጥነቱን 1/100 ላይ ሳደርገው ጥላው ጠፋ፤ ከ50 ኸርዝ መብራት ጋር የሚገጥም ቁጥር ነውና። ይህን 1/100 የእኛ አገር የማታ ቁጥር ብሎ መያዝ ነው።

ኤፍ 1.4 ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ቆመው መቋሚያ ሲያወዛውዙ የአንዱ ዓይን ጠርቶ ከጎኑ ያለው ይደበዝዛል። ለአንድ ፊት ያምራል፤ ለረድፍ ግን ኤፍ 2.8 ያስፈልጋል። ያኔ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይሄዳል፤ አይኤስኦ (የሴንሰሩ የብርሃን ስሜት) ወደ 6400 ይወጣል። ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ሳየው ፍሬ ፍሬ ያለ ነገር አለው። በ600ዲ ይህ ቁጥር የመጨረሻ አማራጭ ነበር፤ እዚህ ግን ይታተማል።

ጥር 10፣ ቅዳሜ፣ ከተራ

ጃንሜዳ። ከሰርገኛው 18-50 ኤፍ 2.8 ተውሼ ሄድኩ፤ እሱ የእኔን 30 ወሰደ። አቧራው ከሕዝቡ ጋር ይነሳል። በሚረርለስ ሌንስ ሲወልቅ ፊት ለፊት ያለው ሴንሰሩ ነው፣ የሚከልለው መስታወት የለም። ስለዚህ ውሳኔው ቀላል ነበር፦ ከቤት የገጠምኩትን ሌንስ ቤት እስክመለስ አልፈታም።

ፍተሻው ላይ ጥበቃው ካሜራዋን ገልበጥ አድርጎ አያትና መለሰልኝ። በ600ዲ ጊዜ «ከየትኛው ሚዲያ ነህ?» የሚል ጥያቄ ነበር።

ትንሽነቷ ግን ሁልጊዜ አይጠቅምም። ከበሮ የሚመቱ ወጣቶችን አስፈቅጄ ሳነሳ አንዱ «ወንድሜ፣ በዚች ነው የምታነሳን?» አለኝና ጓደኞቹ ሳቁ። ሰርገኛው ሲነግረኝ እሱም ሰርግ ላይ እንደዚህ ይባላል፤ ሙሽሮች ለከፈሉት ገንዘብ ትልቅ ነገር ማየት ይፈልጋሉ። ለዚህ ሲል አንዳንዴ ባዶ የባትሪ መያዣ ከሥር ይገጥምበታል። እኔ ደመወዜ ከሌላ ቦታ ስለሆነ ሳቁን አነሳሁት። ከበሮ መቺውም በፎቶው ላይ ጥርሱ እንደታየ ነው፣ እጁ ደግሞ በአየር ላይ ቀጥ ብሏል፤ 1/1000 ሴኮንድ።

ነጩን አላጣሁትም። ዜብራው ጥለት ላይ ብልጭ ሲል አንድ ሦስተኛ ስቶፕ እቀንሳለሁ፤ ፊቱን ከሮው ላይ ቤት አነሳዋለሁ። አሠራሩ ይኸው ነው።

የካቲት 2፣ እሑድ

ሰርገኛው፣ ባለ ማስታወቂያው ጎረቤቴ፣ የአክስቴ ልጅና እኔ ተገናኘን። ያለንን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነው። ለካ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ዙም ገዝቶ ተቀምጧል፤ ረጅም ሌንስ ደግሞ ማንም የለውም። ተስማማን፦ ከእንግዲህ ሌንስ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ይነግራል፤ ሌላው ያለውን አይደግምም። የመጀመሪያው ረጅም ሌንስ በአክስቴ ልጅ ላይ ወደቀ፤ ከዱባይ የሚመጣ ወዳጅ አለው። ሰፊው፣ ለጠባብ ቤት የሚሆነው ደግሞ የእኔ ተራ ነው፤ አልበሙ ከሁሉም በላይ እሱን ይፈልጋል። የተዋሰ ሰው ጠርጎ ይመልሳል፤ የጣለ ሰው ይተካል።

600ዲው ተሸጠ፤ ገንዘቡ ለሰፊው ሌንስ ይጠራቀማል። ስለ አዲስ ቦዲ ማውራት እስከ 2020 ዓ.ም. ተከልክሏል፤ የጣሰ ለሁሉም ማኪያቶ ይጋብዛል። ሰርገኛው ገና ስብሰባው ሳያልቅ «ግን ያ አዲሱ ኤ6700 እኮ...» ብሎ ሒሳቡን ከፈለ።